አባቴ፣ ከዚያ እኅቴ፤ ቀጥሎ እኔ ነኝ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 38 ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ እህል እየነገድኩ እኖራለሁ። አባቴ በ52 ዓመታቸው ስኳር ተገኘባቸው፤ የእግራቸው ቁስል አልድን ብሎ ተቆረጠ፣ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ታላቅ እኅቴን ደግሞ አምና በ44 ዓመቷ ያዛት። ውጭ አገር ያለው የእናት የአባቴ ልጅ ምራቁን ለምርመራ ልኮ፣ ቲሲኤፍ 7 ኤል 2 በሚባል ዘረ መል ላይ ለስኳር የሚያጋልጠው ዓይነት በሁለቱም ቅጂ እንዳለበት ተነገረው። እኔንም "ምራቅህን ላክ" እያለ ይጨቀጭቀኛል። ባለቤቴ "በዘር ያለ ነገር አይቀርም" ትላለች። እኔ ቀጭን ነኝ። ባለፈው ወር በጣት ደም ተለክቼ 108 ሆነ፤ "ደህና ነህ" ተብዬ ተመለስኩ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ምራቄን ልላክ ወይስ የማይቀርልኝን ቁጭ ብዬ ልጠብቅ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱንም አያድርጉ። የምራቁ ውጤት እንዲህ ሆነ እንዲያ፣ ከዚህ በታች የምንነግርዎትን አንድም ነገር አይለውጠውም። የእህል ነጋዴ ስለሆኑ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ብንልዎት ይገባዎታል። ከወንድምዎ ወረቀት ይልቅ እኛን ያሳሰበን ያ 108 ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን፤ ወረቀቱ ግን ቤተሰቡን ስላስደነገጠ አስቀድመን ምን እንደሚል እናስረዳዎ።

ሰው እያንዳንዱን ዘረ መል በሁለት ቅጂ ይይዛል፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት የተገኘ ነው። ቲሲኤፍ 7 ኤል 2 ያለው 10ኛው ክሮሞዞም ላይ ሲሆን፣ ከስኳር ሕመም ጋር መያያዙን የአይስላንድ ተመራማሪዎች ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በሕዝብ ውስጥ በብዛት ከሚገኙት ልዩነቶች መካከል በብዛት ጎልማሶችን ለሚይዘው ለዓይነት 2 ስኳር ጉልበት ካላቸው ግንባር ቀደሙ ይኸው ነው። ነገሩ የአንድ ፊደል ለውጥ ነው፤ "ሲ" መሆን በሚችልበት ቦታ "ቲ" ይገኛል። ቲ ያለበት ሰው ምግብ ሲበላ ቆሽቱ ኢንሱሊንን፣ ማለትም የደም ስኳርን የሚያወርደውን ሆርሞን፣ ለመልቀቅ ይሰንፋል። አንጀት ምግብ ሲገባለት ለቆሽት "ስኳር እየመጣ ነው፣ ተዘጋጅ" የሚል የሆርሞን መልእክት ይልካል፤ የእነዚህ ሰዎች ቆሽት ለዚያ መልእክት የሚሰጠው ምላሽ ደካማ ነው።

አንድ ቲ ያለው ሰው በስኳር የመያዝ ዕድሉ ምንም ከሌለው በ1.4 እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ ሁለት ቲ ያለው ደግሞ ወደ 2 እጥፍ ይጠጋል። "እጥፍ" የሚለው ቃል ልብ ስለሚያርድ በሰው ቁጥር እናስላው። ለምሳሌ ያህል፣ ቲ ከሌላቸው 100 ሰዎች 10ሩ በስኳር ይያዛሉ ብንል፣ አንድ ቲ ካላቸው 100 ሰዎች 14 ያህሉ፣ ሁለት ካላቸው ደግሞ 18 ያህሉ ይያዛሉ። ወንድምዎ ከ18ቱ ወይም ከቀሩት 82ቱ መሆኑን ያ ወረቀት ሊነግረው አይችልም።

ወንድምዎ ሁለት ቲ ካለው ከእናትዎም ከአባትዎም አንድ አንድ ወስዷል ማለት ነው። ወላጆችዎ አንድ አንድ ቲ ብቻ ከነበራቸው፣ የእርስዎ ዕድል ሳንቲም ሁለት ጊዜ እንደ መወርወር ነው፤ ሁለት ቲ የመያዝ ዕድልዎ ከአራት አንድ፣ አንድ ቲ የመያዝ ከአራት ሁለት፣ ምንም ያለመያዝ ደግሞ ከአራት አንድ። እርስዎ ሳያውቁት ንጹሕ ሆነው ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ከስኳር ነጻ ያወጣዎታል ማለት አይደለም፤ ምክንያቱም ዘረ መሉ አንድ ብቻ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ፣ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ከዓይነት 2 ስኳር ጋር የተያያዙ ከ600 በላይ የዘረ መል ቦታዎችን ቆጥሯል። አብዛኛዎቹ እያንዳንዳቸው የሚጨምሩት ኢምንት ነው። ኤፍቲኦ የተባለው ስኳርን የሚያመጣው በቀጥታ ሳይሆን የምግብ ፍላጎትንና ክብደትን በመጨመር ነው። ኬሲኤንጄ 11 ቆሽት ኢንሱሊን የሚለቅበትን በር ይመለከታል፤ ግሊቤንክላሚድ የተባለው የስኳር ኪኒን የሚሠራውም እዚያው በር ላይ ነው። ከሁሉም የሚገርመው ኤስኤልሲ 30 ኤ 8 ነው። ዚንክን ወደ ኢንሱሊን ማከማቻ የሚያስገባ ዘረ መል ነው፤ አንዱ ቅጂው ከናካቴው የተበላሸባቸው ሰዎች ግን በስኳር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በዘር የሚወረሰው ሁሉ ክፉ እንዳልሆነ ለባለቤትዎ በዚህ ያስረዷቸው።

በምራቅ ምርመራ የሚሰጠው "ከፍተኛ ተጋላጭ" የሚል ደረጃ የእነዚህ ጥቃቅን ልዩነቶች ድምር ነው። የድምሩ ሚዛን የተሠራው በአብዛኛው በአውሮፓውያን መረጃ ነው። በአፍሪካውያን ላይ ሲሞከር የመገመት ኃይሉ ይቀንሳል፤ የፊደሎቹ ብዛትና አቀማመጥ በሕዝቦች መካከል ስለሚለያይ በሌላ አገር ቁና የእኛን እህል እንደ መስፈር ይሆናል። በናይጄሪያ፣ በጋናና በኬንያ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ዜድአርኤኤንቢ 3 የተባለ ሌላ ዘረ መል ብቅ ማለቱም በአውሮፓ መረጃ ብቻ ስንመራ የሚያመልጠን ነገር እንዳለ ያሳያል።

ታዲያ ለጎጃም ሰው የሚሻለው የዘር ምርመራ የትኛው ነው? አንድ እስክሪብቶና አንድ ወረቀት። በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ያ ልማድ ከሁለቱም ወላጅ ሲወረሱ ብቻ ለሚታዩ ብርቅ በሽታዎች ጥሩ አጥር ነው። ዓይነት 2 ስኳር ግን የዚያ ዓይነት በሽታ ስላልሆነ ሰባት ቤት መቁጠር አያስፈልገውም፤ ሰባተኛው ትውልድ ላይ ያለ አንድ ቅድመ አያት ለእርስዎ የሚያዋጣው በአማካይ ከ128 አንድ እጅ ብቻ ነው። ሦስት ትውልድ ይበቃል፤ አያቶች፣ ወላጆች ከነአጎትና አክስት፣ ከዚያ እርስዎና ወንድም እኅቶችዎ። ወላጅ፣ ወንድም፣ እኅትና ልጅ ከሁሉም ይመዝናሉ። በአባት ወይም በእናት ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እኅት ግማሹን ያህል ይመዝናሉ፤ ስለዚህ "ወንድም" ብለው ብቻ አይጻፉ፣ የማን ልጅ መሆኑን ይለዩ።

ከእያንዳንዱ ስም ጎን በሽታው የታወቀበትን ዕድሜ፣ ያኔ ቀጭን ወይም ወፍራም መሆኑን፣ የተጀመረለት ኪኒን ወይም መርፌ መሆኑን ይጻፉ። ሴቶቹን በእርግዝና ጊዜ ስኳር ተገኝቶባቸው እንደሆነ፣ ከ4 ኪሎ በላይ የሚመዝን ልጅ ወልደው እንደሆነ ይጠይቁ። አሮጊቶችን "ስኳር የነበረበት አለ?" ብለው ቢጠይቁ "የለም" ይሉዎታል፤ ያኔ ማን መርምሮ? ይልቅ "ውሃ የማይበቃው፣ ሌሊት ለሽንት የሚመላለስ፣ እየበላ የከሳ፣ እግሩ የተቆረጠ፣ ዓይኑ በጎልማሳነቱ የጠፋ ማን ነበር?" ብለው ይጠይቁ። "በምች ሞተ" ወይም "በልቶት ነው" ተብሎ የታለፈ ሰው በዚህ ጥያቄ ሊወጣ ይችላል።

ወረቀቱ ላይ ከ25 ዓመት በታች የተያዙ ቀጫጭን ሰዎች በሦስት ትውልድ ተከታትለው ካገኙ ለሐኪም ያሳዩ። በአንድ ዘረ መል ብቻ የሚመጣና ለእያንዳንዱ ልጅ በግማሽ ዕድል የሚተላለፍ ሌላ የስኳር ዓይነት አለ፤ ሕክምናውም ይለያል። የእርስዎ ቤተሰብ በ52ና በ44 ዓመት ስለሆነ ወደዚያ አያመራም። በገጠር በልጅነታቸው ተርበው ያደጉና በወጣትነታቸው ከስተው መርፌ የሚፈልጉ ሰዎችም አሉ፤ ጎንደር ላይ ሐኪሞች ለዓመታት ሲጽፉበት የኖሩት ጉዳይ ነው፣ የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2025 "ዓይነት 5" የሚል ስም አጽድቆለታል። ስለዚህ ከአንድ ቤት ሁለት ከሲታ ወጣት ቢታመም ጥፋቱን ወዲያው በዘር ላይ መጣል አይገባም።

በአውሮፓ በተደረጉ ጥናቶች አንድ ወላጁ ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው በዕድሜ ዘመኑ የመያዝ ዕድሉ 40 ከመቶ ገደማ፣ ሁለቱም ካለባቸው 70 ከመቶ ገደማ ተብሎ ይገመታል። ከዚህ ውስጥ ግን ሁሉም የዘረ መል ሥራ አይደለም። ከአባትዎ የወረሱት ደማቸውን ብቻ ሳይሆን መሶባቸውንም ነው፤ የሻዩን ስኳር መጠን፣ ማታ አምሽቶ መብላትን፣ መጋዘን ቁጭ ብሎ መዋልን።

አሁን ወደ 108። በባዶ ሆድ ከሆነ፣ የአሜሪካ የስኳር ማኅበር ከ100 እስከ 125 ያለውን "ቅድመ ስኳር" ይለዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ110 ይጀምራል። "ደህና ነህ" ያለዎት ባለሙያ ሁለተኛውን መስፈርት ይዞ ከሆነ አልተሳሳተም። አባቱም እኅቱም ለታመሙበት ሰው ግን እኛ የመጀመሪያውን እንመርጣለን። ሁለተኛው ነገር ማሽኑ ነው። ዓለም አቀፉ መስፈርት ለጣት መለኪያ ከ100 በላይ ባለ ቁጥር ላይ እስከ 15 ከመቶ ስሕተት ይፈቅዳል። የእርስዎ 108 በእውነቱ 95ም፣ 120ም ሊሆን ይችላል። በዚህ ቁጥር መደናገጥም መረጋጋትም ገና ነው።

የሚያሳስቱ ጥቃቅን ነገሮች ብዙ ናቸው። ማር ወይም ብርቱካን የነካ ያልታጠበ ጣት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ አልኮል ሳይደርቅ መወጋትም፣ ደሙ አልወጣ ሲል ጣትን ጨምቆ ማለብም ውጤቱን ያዛባል። ክዳኑ ተከፍቶ የዋለ ወይም ጊዜው ያለፈበት ስትሪፕም (ደሙ የሚነካው የማሽኑ ወረቀት) እንደዚሁ። "ምንም አልቀመስኩም፣ ቡና ብቻ ነው" የሚለው ደግሞ የአገራችን ዋና ስሕተት ነው፤ ሁለት ማንኪያ ስኳር ያለበት ቡና የጠጣ ሰው ባዶ ሆዱን አይደለም።

እንዲህ ያድርጉ። ማታ 2 ሰዓት ላይ እራትዎን ጨርሰው ከውሃ በስተቀር ምንም አይቅመሱ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ላቦራቶሪ ይገኙና ከክንድ የደም ሥር ያስቀዱ። ደሙ ቶሎ ካልተሠራ ወይም ሴሉ ካልተለየ፣ ቱቦው ውስጥ ያሉት የደም ሴሎች ራሳቸው ስኳሩን ይበሉታል፤ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 ከመቶ ይቀንሳል። ጠዋት ተቀድቶ ከሰዓት በኋላ የተሠራ ደም የታመመውን "ደህና ነህ" ሊለው ይችላል። ስለዚህ "ደሙ መቼ ነው የሚሠራው?" ብለው መጠየቅ አያሳፍርም። 126ና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ተደግሞ ሲረጋገጥ ስኳር ነው።

ለእርስዎ ቤተሰብ ግን ከባዶ ሆዱ ይልቅ የሚናገረው ስኳር ተጠጥቶ የሚደረገው ምርመራ ነው፤ በቲ ምክንያት የሚደክመው ከምግብ በኋላ ያለው የኢንሱሊን ምላሽ ነውና። በባዶ ሆድ ከተቀዱ በኋላ 75 ግራም ግሉኮስ ከ250 እስከ 300 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይጠጣል፤ መጠጣት ከጀመሩበት ልክ በ2ኛው ሰዓት እንደገና ይቀዳል። ከ140 በታች ደህና ነው፤ ከ140 እስከ 199 ማስጠንቀቂያ፣ 200ና በላይ ስኳር። በመካከሉ ቁጭ ማለት እንጂ ገበያ ደርሶ መመለስ፣ ሲጋራ ማጨስ አይቻልም። ከምርመራው በፊት ባሉት ሦስት ቀናት እንደወትሮዎ እንጀራዎን ይብሉ፤ እህል ቀንሶ የሰነበተ ሰው ሳይታመም ቁጥሩ ከፍ ሊልበት ይችላል። ጾም አክርረው በያዙበት ሳምንት ባይሆን ይመረጣል።

የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው ኤ ዋን ሲም አለ። ጾም አይጠይቅም፤ ከ5.7 እስከ 6.4 ከመቶ ማስጠንቀቂያ፣ 6.5ና በላይ ስኳር ነው። ግን የሚለካው ቀይ የደም ሴል ላይ የተለጠፈውን ስኳር ስለሆነ፣ ቆላ ወርዶ በወባ ደሙ የተጎዳ ወይም ደም የፈሰሰው ሰው ላይ ውጤቱ ከእውነቱ ያንሳል፤ በብረት እጥረት ደም ያነሰው ላይ ደግሞ ከፍ ይላል። ከሁለቱ አንዱ ከደረሰብዎ ለባለሙያው ይንገሩ።

"ቀጭን ነኝ" ያሉት ከስኳር ዋስትና አይሆንዎትም። እንዲያውም ቀጭን ሆነው ዓይነት 2 ስኳር የሚይዛቸው ሰዎች በአማካይ የተሸከሙት የዘረ መል ጫና ከወፍራሞቹ ይበልጣል። ሚዛኑን ትተው ወገብዎን ይለኩ። ሜትሩ የሚያርፈው በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ነው፤ ትንፋሽ ካወጡ በኋላ፣ በባዶ ቆዳ ላይ። ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲሜትርና በላይ ከሆነ ቀጭን ክንድ ስላለዎት አይጽናኑ።

የባለቤትዎን "አይቀርም" የሚመልሰው አንድ ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ ቅድመ ስኳር ያለባቸው 3,234 ሰዎች ተመድበው፣ አንዱ ቡድን ክብደቱን 7 ከመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ ሲወጣ የዚህ ቡድን በስኳር የመያዝ መጠን በ58 ከመቶ ቀንሶ ነበር፤ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ኪኒን የወሰደው ቡድን ደግሞ በ31 ከመቶ። ከአራት ዓመት በኋላ የተሳታፊዎቹ ዘረ መል ታየ። መድኃኒት የሌለው ማስመሰያ ኪኒን ከተሰጠው ቡድን ውስጥ እንደ ወንድምዎ ሁለት ቲ ያላቸው ሰዎች ቲ ከሌላቸው በ1.8 እጥፍ ገደማ ፈጥነው ታመሙ። አኗኗራቸውን በለወጡት ዘንድ ግን ያ ልዩነት ሊጠፋ ትንሽ ቀረው። ፊደሉ ያው ነው፤ ኢንሱሊን የሚጠይቀው ሥራ ሲቀንስለት ግን ደካማው ቆሽት የሚበቃውን ያህል መሥራት ቻለ።

ለእርስዎ ሲተረጎም፣ ወገብዎ ካልሰፋ መክሳት አያስፈልግዎትም። በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ፣ ወሬ የሚያስቆም ሳይሆን ዘፈን የሚያስቆም ፍጥነት ያለው እርምጃ ይራመዱ። ከምሳና ከእራት በኋላ 15 15 ደቂቃ ቢከፍሉት ደግሞ በተለይ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ያወርዳል። አንዳንድ ጊዜ ጆንያውን ለጫኝ ከመስጠት ራስዎ ያንሱት፤ ጡንቻ ስኳር ይበላል።

በመብል በኩል "ጤፍ ስኳር አያስይዝም"፣ "ዳጉሳ መድኃኒት ነው" የሚለውን እርስዎ ራስዎ ለደንበኛ ሲናገሩት ሰምተው ይሆናል። ሁለቱም ጥሩ እህል ናቸው፤ ሁለቱም ግን በአብዛኛው ስታርች ናቸው፣ ሆድ ሲገቡ ስኳር ይሆናሉ። ለውጥ የሚያመጣው መጠኑ ነው። ሁለት እንጀራ የሚበሉ ከሆነ አንድ ያድርጉና የጎደለውን በጎመንና በምስር ወጥ ይሙሉት። ጥራጥሬ ሲጨምሩ ምስር፣ ሽንብራ፣ ባቄላ ይሁን፤ ጓያ ርካሽ ነው ብለው አዘውትረው አይብሉ፣ በብዛት ሲበላ እግር ያሽመደምዳል። ቡናውን ይቁጠሩ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሦስት ሦስት ማንኪያ ሲጠጣ ወደ 40 ግራም ስኳር ነው፣ ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ይበልጣል። የጎጃም ማርም ቢሆን ማር ነው፤ ከአምስት አራት እጁ ስኳር ነው። ግራዋና ኮሶ መራራ ስለሆኑ ጣፋጩን ያጠፋሉ የሚለው ደግሞ የምላስ ሒሳብ እንጂ የደም ሒሳብ አይደለም።

ልጆችዎን ለዘረ መል ምርመራ አይውሰዷቸው። ለስላሳውን ከቤት ያውጡ፣ ልጆቹ ይሩጡ፤ ካልወፈሩና ምልክት ካላዩባቸው ደማቸውን መውጋት አያስፈልግም። ባለቤትዎ እንደገና ካረገዙ ግን ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ድረስ ይለኩ። እርስዎ ውጤትዎ ደህና ቢሆንም በየዓመቱ ይመለሱ፤ ቀኑን እንዳይረሱት የመስቀል ሳምንት ማግስት ይበሉት።

እኅትዎን በተመለከተ አልጠየቁንም፤ ግን ከሁላችሁም አስቸኳይዋ እሷ ናት። ግሊቤንክላሚድ የምትወስድ ከሆነና እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ ስኳሯ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች፤ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት መጠኑንና ሰዓቱን ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር። ጠበል ስትሄድ ኪኒኗን ይዛ ትሂድ። እግሯን በየማታው ታጥባ፣ በጣቶቿ መካከል አድርቃ፣ ውስጥ እግሯን በመስታወት ትይ። የአባታችሁ ቁስል የጀመረው ከትንሽ ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ ስሜት የሌለው እግር ጠጠር ሲገባበት አይናገርም። ለወንድምዎ ደግሞ ምራቅ ከሚልኩለት፣ ያዘጋጁትን የቤተሰብ ወረቀት ፎቶ አንሥተው ይላኩለትና በባዶ ሆድ መለካቱን ይጠይቁት።